ማጉረምረም የተወው ውሻ

ባለፈው ሐምሌ ለአክስቴ ለቅሶ ጎንደር ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ ከድንኳኑ ወጣሁና፣ እግሬ እየመራኝ አዲስ ዓለም ሰፈር አጠገብ ያደግሁበት ግቢ በር ላይ ደረስኩ። የጭቃ ቤታችን ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከዘበኛው ቤት ጎን፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ፣ አንድ ቡናማ ውሻ ተዘግቶበታል። ጠጉሩ በዝናብ ርሷል። የረጠበ ውሻ ሽታ፣ ያ ከጭቃና ከዛገ ብረት ጋር የተደባለቀ ከባድ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው። ውሻው አየኝና ከጉሮሮው ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ። ዘበኛው ወዲያው ዱላውን አንስቶ ፍርግርጉን ደበደበው።

«ዝም በል አንተ! ሰው ነች!»

ውሻው ዝም አለ።

«አይምቱት» አልኩ። «ይተዉት፣ ያጉረምርም።»

«ታዲያ ይጩህብዎት?»

«አዎ፣ ይጩህብኝ።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ሳቀ። ላስረዳው ፈልጌ ነበር፤ ለማስረዳት ግን የአንድ ሙሉ ክረምት ታሪክ ማውራት ነበረብኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

*

ዐሥር ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባባ የሰው ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዳ በጎንደርና በመተማ መካከል ይመላለስ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ ያ ትልቅ መኪና ግቢያችን ውስጥ ይቆማል፤ አባባም እቤት ይውላል። ቤት መዋል አይሆንለትም ነበር። ሞተሩን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ መልሶ ይፈታል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ሌባ በአጥር ዘሎ ገብቶ የመኪናውን ትርፍ ጎማ ወሰደበት። አባባን ያንገበገበው የጎማው መሄድ ብቻ አልነበረም። እሱ እቤት ተኝቶ ሳለ መወሰዱ ነው።

አያቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የአባባ አባት ነው፤ ደምሌ ይባላል። እኔም እንደ አገሩ ሰው «አያ» ነበር የምለው። ከዳባት በላይ ካለው ደጋ እያረሰና በግ እያረባ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ሆነ፤ ዓይኖቹንም ሞራ ጋረዳቸው። አባባ ሆስፒታል ሊያሳክመው አስመጣው። በግ የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ፣ አያ በትሩን ይዞ ከጋቢናው ወረደ። ከኋላ ደግሞ፣ ከበጎቹ መካከል፣ ያልጠበቅነው እንግዳ ዘሎ ወረደ። ጥቁር፣ አንገቱ የጥጃ አንገት የሚያህል ውሻ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ስሙም ለዚህ ነው ቦራ የተባለው።

«ምን አድርጉት ብለህ አመጣኸው?» አለው አባባ።

«ለማን ልተወው? ከኔ ሌላ ሰው አያውቅም።»

አባባ ውሻውን ዙሪያውን እየዞረ አየው። ፊቱ ሲፈታ ታየኝ። «ይሁን» አለ። «ሌባውን ያስተምርልናል።»

ቦራ አገሩ ላይ ታስሮ አያውቅም ነበር። ቀን ከበጎቹ ጋር ይውላል፣ ሲመሽ በረቱ በር ላይ ይተኛል፣ እንግዳ ሲመጣ ከሩቁ ጮሆ ለአያ ይነግራል። የሚያውቀው ሥራ ይህ ነው። እኛ ግቢ ግን ከመኪናው የኋላ ጎማ አጠገብ ብረት ተተክሎ በሰንሰለት ታሰረ። ሰንሰለቱ በእኔ እርምጃ አራት ነበር። ከአጥሩ ማዶ መንገድ ነው። እንጨት የጫኑ አህዮች ያልፋሉ። ልጆች ቆርቆሮ አጥራችንን በዱላ እየመቱ ይሮጣሉ፣ አንዳንዱም በቀዳዳው ጠጠር ይወረውራል። ቦራ በእያንዳንዱ ድምፅ ይዘላል፣ ሰንሰለቱ አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ ይጥለዋል፣ ተነስቶ እንደገና ይዘላል። እኔ ከተማ ስለጠላ ነው ብዬ አምን ነበር። በጎቹ እዚህ ቢመጡለት ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት አያ በርጩማ ያወጣና ከሰንሰለቱ ክልል ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። አያ ብርሃንና ጥላ እንጂ ሌላ አይለይም ነበርና፣ በዚያ ክረምት ዓይኑ እኔ ነበርኩ።

«በይ ንገሪኝ» ይለኛል። «ጆሮው እንዴት ነው?»

«ወደ ኋላ ተኝቷል።»

«ጭራውስ?»

«ይወዘውዛል አያ! ደስ ብሎታል።»

«ወዴት አድርጎ ነው የሚወዘውዘው? ላይ አቁሞ አድርቆት ነው ወይስ ታች ለቆት?»

አየሁ። ጭራው እንደ እንጨት ደርቆ ወደ ላይ ቆሟል፤ የሚንቀጠቀጠው ጫፉ ብቻ ነው።

«እንዲያ ከሆነ ደስታ አይደለም» አለ አያ። «አትቅረቢው። ዓይን ዓይኑንም አትይው። ጎንሽን ስጪውና ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ሌላ ቀን ቦራ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ አይቼ «እንቅልፉ መጣ» አልኩት።

«አሁን ነቅቶ እንቅልፍ ምነው? ማን አለ አጠገቡ?»

«አባባ። መኪናው ስር ሊገባ ነው።»

«ጨንቆት ነው እንግዲያ። ውሻ ሲጨንቀው ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል። ተዉኝ ነው የሚላችሁ። ያን ካልሰማሽው ያጉረመርማል። ማጉረምረሙንም ካልሰማሽው ነው የሚነክስሽ።»

እነዚህን ነገሮች እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ በቃሌ ያዝኳቸው። እኮራባቸውም ነበር። ለጎረቤታችን ልጅ ለረሕማ ስነግራት ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ረሕማ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ሐጂ ኑሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ቦራ ከመጣ ወዲህ ግቢያችን አትገባም ነበር። ውሻ ምራቁ ከነካን ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብን ስትለኝ፣ እኔ በልጅ አእምሮዬ እናቷ ለቅጣት የምታጥባት መስሎኝ አዘንኩላት። በራችን ላይ ቆመን ነበር የምናወራው።

*

ነገሩ የተበላሸው በሐምሌ ነው። አንድ ጠዋት እማዬ ግቢውን ስትጠርግ መጥረጊያውን ወደ ቦራ ምግብ ሳህን አስጠጋች። ቦራ ከሳህኑ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ጥርሱን አሳይቶ አጉረመረመ። እማዬ ጮሃ ወደ ኋላ ሸሸች። አባባ ከመኪናው ስር ወጣ። በእጁ የሞተር ቀበቶ ይዞ ነበር፤ በዚያው ገረፈው። ቦራ ባጉረመረመ ቁጥር ደገመው።

«ያበላችህን ሴት? ያበላችህን?»

አያ በትሩን እየዳበሰ ከቤት ወጣ። «ተው፣ ልጄ! ምነው ትመታዋለህ?»

«ሚስቴን ሊበላት ነው።»

«አልበላትም። ተናገራት እንጂ። ሊነክሳት ቢፈልግ ኖሮ ነክሷት ነበር። አንተስ እየጎረስክ ሳለ በመጥረጊያ ብትነካህ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሰው ነኝ።»

«ማጉረምረሙን አትከልክለው» አለ አያ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልመና ነበር የተናገረው። «ማጉረምረሙ ለኛ ነው የሚጠቅመን። በሱ ነው የምናውቅበት።»

አባባ ቀበቶውን መኪናው ላይ ወርውሮ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን፣ አያ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ፣ ቦራ ሲያጉረመርም አባባ ይመታው ነበር። ለቤተሰብ ማጉረምረም ክልክል ነው፤ ለሌባ ግን መቆጣት አለበት። አንድ የሥራ ጓደኛው ሚጥሚጣ የበላ ውሻ ክፉ ይሆናል ብሎ ቢነግረው አባባ ሁለት ቀን በሽሮ ለውሶ ሰጠው። ቦራ አፉን ጭቃ ላይ እየፈተገ ሲያለቅስ ውሎ አደረ። አያ ሳህኑን አንስቶ አሸተተ።

«ሆዱን አቃጥላችሁ፣ ጀርባውን ገርፋችሁ፣ ከዚያ ሌባውን ከባለቤቱ ለይቶ ይናከስልን ነው የምትሉት?»

አባባ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አሁንም እላለሁ። እኔን በጥፊ እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። ከመተማ ሲመጣ የሰሊጥ ከረሜላ የሚያመጣልኝ፣ የታመመች ድመት በኮቱ ጠቅልሎ ያሳደገ ሰው ነው። ግን ፈርቶ ነበር፤ ለንብረቱም ለእኛም ፈርቶ ነበር። ፍርሃት መሆኑን እኔ አላውቅም፤ ቁጣ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቦራን ሳየውም እንዲሁ።

ነሐሴ ሲገባ አያ ለአንዱ ዓይኑ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ተኛ። ከመሄዱ በፊት አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ውሃውን አትርሽ። ሲበላ ማንም እንዳይጠጋው። ልጆች ጠጠር ከወረወሩ ውጭና ተቆጫቸው። ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ላንች ነው የምተወው።»

ውሃውን አልረሳሁም። አያ በሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን አንድ ለውጥ አየሁ። ቦራ ማጉረምረሙን ተወ። እማዬ አጠገቡ ስታልፍ ዝም። አባባ ሲጠጋው ዝም። በአጥሩ ማዶ ቆርቆሮው ሲደበደብ እንኳ አይዘልም፤ ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ይከተላል።

«አየሽ?» አለኝ አባባ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ ብሎ። «ተገራ።»

አመንኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጆሮውን አላየሁም፣ ጭራውን አላየሁም። አያ ካስተማረኝ ሁሉ ያንን ሰሞን ያስታወስኩት አንድም ነገር የለም። ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ አሰብኩ፤ አለቀ።

*

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ዕለት እማዬ ለቦራ አጥንት ጣለችለት። ረሕማ በራችን ላይ ቆማ ነበር።

«ግቢ» አልኳት። «አሁን እኮ ጥሩ ሆኗል።»

«እፈራለሁ።»

«ምን ያስፈራሻል? ማጉረምረም እንኳ ትቷል። ነይ ላሳይሽ።»

እጇን ይዤ አስገባኋት። ወደ መኪናው ስንጠጋ ቦራ አጥንቱን መጋጡን አቆመ። አንገቱን አጥንቱ ላይ እንደደፋ ቀረ፤ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታይ ነበር። ይህን ያየሁት ያኔ ነው፣ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከሁለት ሰከንድ በኋላ። «አየሽ፣ ዝም አለ» አልኩ። «ግንባሩን ዳብሺው፣ ነጩ ጋ።» ረሕማ እኔን አየችኝ። ከእኔ የበለጠ ፈሪ ሆና መታየት አልፈለገችም። እጇን ዘረጋች።

ድምፅ አልነበረም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ቦራ ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ፣ የረሕማ ቀኝ እጅ አፉ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው የሷ ጩኸት የመጣው። ሰንሰለቱን በሁለት እጄ ስቤ ስወድቅ፣ አባባ በመፍቻ ብረት መንጋጋውን ሲመታው፣ እማዬ ረሕማን በነጠላዋ ስትጠቀልላት አስታውሳለሁ። የረሕማ ነጠላ ጫማ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

እናቷ እትዬ ዘሃራ ባዶ እግራቸውን ሮጠው መጡ። ልጃቸውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ገቡና እጇን በሳሙናና በውሃ ማጠብ ጀመሩ፤ ደጋግመው፣ እያለቀሱ፣ እየቆጠሩ። ሰባት ጊዜ። በኋላ ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ያደረጋችሁት ትልቁ ነገር ያ እጥበት ነው እንዳላቸው ሰማን።

ሐጂ ኑሩ በራችን ላይ ቆሙ። ልብሳቸው ላይ የልጃቸው ደም ነበር።

«እንዴት ገባች?» አሉ።

አባባ ወደ እኔ ዞረ። መፍቻው ገና በእጁ ነው።

«በእንጨት ነካካችው» አልኩ። «አትግቢ ብያት ነበር። ራሷ ገብታ በእንጨት ነካካችው።»

ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን አስቤው ነው ያልመለስኩት።

ሐጂ ኑሩ ወደ ቤታቸው ገብተው ልጃቸውን ጠየቋት። በሩ ክፍት ስለነበር አየሁ። ረሕማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሕመሙ ያስነቀነቃት መስሎኝ ነበር።

*

አባባ ቦራን በዚያው ሰዓት ሊገድለው ነበር። ያስቆመው የሆስፒታሉ ሐኪም ነው። ውሻው እብድ ይሁን አይሁን የሚታወቀው በሕይወት ካለ ነው አለ። ታስሮ ዐሥር ቀን ይቆይ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በሽታው የለበትም፣ የልጅቱም መርፌ ይቆማል። እስከዚያ ረሕማ በየቀኑ እምብርቷ ዙሪያ ትወጋለች።

ስለዚህ ያን ውሻ በሕይወት ማቆየት ግዴታችን ሆነ። እኔ ከድርሻዬ እየቀነስኩ እንጀራ በረጅም እንጨት እገፋለታለሁ፤ በላ፣ ጠጣ ብዬ ለእማዬ እነግራለሁ። በእያንዳንዱ ጠዋት ቦራ ቆሞ ሳገኘው ደስታዬ ለረሕማም ለሱም ነበር። ዐሥሩ ቀን እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበር የመሰለኝ። ካለፈ፣ ረሕማ ከመርፌ ትድናለች፣ ቦራም በነፃ ይለቀቃል። ሌላ ፍርድ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

ጠዋት ጠዋት ሐጂ ኑሩ ረሕማን ይዘዋት በራችን ያልፋሉ። በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ስትመለስ በግራ እጇ ሆዷን ይዛ፣ እንደ አሮጊት ጎንበስ ብላ ነው። በራችንን ስታልፍ ቀና ብላ አታውቅም።

ረሕማ በተነከሰች በሦስተኛው ቀን አያ ከሆስፒታል ወጣ። ዓይኑ ላይ ያለው ጨርቅ ተፈትቶለት ነበር። በራችን ላይ ቆሞ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ።

«እንዲህ ነሽ እንዴ?» አለ። «እናቴን መስለሻል።»

ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ። ቦራ አየውና በሆዱ እየተሳበ መጣ። አያ ተንበርክኮ የአንገቱን ጠጉር በጣቶቹ ከፈለው። ሰንሰለቱ የላጠው ሥጋ ነበር፤ ጀርባው ላይ የቀበቶው ሰንበር ነበር። አያ እነዚህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያይ ነበር። እያንዳንዱን በጣቱ ተከተለው።

«መቼ ነው ማጉረምረም የተወው?» አለኝ፣ ሳይዞር።

«አንተ እንደሄድክ። አባባ ሲመታው ተወ።»

«አንችስ ምን መሰለሽ?»

«ጥሩ የሆነ መሰለኝ።»

አያ ወደ እኔ ዞረ። «ያች ልጅ በእንጨት ነካችው?»

መሬት መሬቱን አየሁ። አንዴ ብቻ ነበር የጠየቀኝ። ቀና ብዬ ሳየው በዚያች በዳነች ዓይኑ ትክ ብሎ ያየኛል።

«ዓይኔ አሁን ያይልኛል» አለ።

ስለ ቀዶ ጥገናው የሚያወራ መስሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

በዐሥረኛው ቀን አንድ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ቦራን ከሩቅም ከቅርብም አየው፣ ሲበላ አየው፣ ሲጠጣ አየው። «ጤነኛ ነው» አለ። የረሕማ መርፌ ቆመ። እኔ እየዘለልኩ ወደ አያ ሮጥኩ። «ነፃ ወጣ!» አልኩት። አያ እጄን ያዘና አጠገቡ አስቀመጠኝ፤ ዝም እንድልለት እንጂ እንድደሰት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኑሩ መጡ። እሳቸው፣ አባባና አያ ከቤቱ ክፈፍ ስር ተቀመጡ፤ ዝናቡ ከፊታቸው ይወርዳል።

«የውሻውን ነፍስ ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ ሐጂ ኑሩ። «ልጄ ተርፋልኛለች። ግን በዚህ በር ማለፍ አለባት፤ ትምህርት ቤቷ በዚህ ነው።»

«ጭልጋ ማዶ ወስጄ እለቀዋለሁ» አለ አባባ። ድምፁ ደክሟል።

«እዚያስ ልጅ የለም?» አለ አያ።

«አገር ቤት ይዘኸው ሂድ እንግዲያ።»

«ዐሥር ቀን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ድሮ የጎረቤት ልጆች ሲመጡበት ያጉረመርማል፣ እነሱም ይሸሻሉ። ማንንም ነክሶ አያውቅም። አሁን በምን ያውቁበታል?» አያ ቆመና ወደ ቦራ አየ። «ምላሱን ቆርጠንበታል። እኔ ነኝ እዚህ ያመጣሁት። እኔው እወስደዋለሁ።»

 አባባ ጉልበቶቹን ይዞ ዝናቡን ያይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃ ያለው አንድ የሰፈራችን ታጣቂ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አያ ሰንሰለቱን ፈታ፣ በቦታው ገመድ አላልቶ አሰረለት። ቦራ መጀመሪያ አልሄደም። አራት እርምጃ ሄዶ፣ ሰንሰለቱ የሚይዘው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ራሱ ቆመ። አያ «ና» አለው። አምስተኛውን ረገጠ። ከዚያ ምን ያህል እንደተደሰተ ልነግራችሁ አልችልም። መኪናውን ዞረው፣ የአያን እጅ ላሰ፣ ጭራው ታች ተለቆ ከወገቡ ጋር ይወዛወዛል። አገሩ የሚመለስ መስሎት ነበር። እኔም መሰለኝ።

«እኔም ልምጣ?» አልኩ።

«አንች ግቢ» አለ አያ።

ወደ አንገረብ ወንዝ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከበሩ ላይ አየኋቸው። ቦራ ከፊት ነበር፣ ገመዱን እየሳበ፣ የሽማግሌውን እርምጃ እያስቸኮለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተኩስ ተሰማ። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮሁ። እማዬ ከውስጥ ወጥታ ጆሮዬን በመዳፎቿ ሸፈነችልኝ፤ ዘግይታ ነበር።

አያ ሲመለስ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። አባባ የእግር ውሃ አቀረበለት። አያ እግሩን ታጠበ፣ በማግስቱም ጓዙን ሸከፈ።

«ሁለተኛው ዓይንህስ? ሐኪሙ ጥቅምት ላይ ይምጣ ብሏል» አለው አባባ።

«አንዱ ይበቃኛል» አለ አያ። አገሩ ከገባ በኋላ ተመልሶ አልመጣም።

*

መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ረሕማ አንድ ሳምንት ዘግይታ መጣች። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አይታጠፉም ነበር። በግራዋ መጻፍ እየተማረች ነበር፤ ፊደሎቿ እየተንጋደዱ ከመስመሩ ይወጣሉ። ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለብዙ ቀናት ጀርባዋን እያየሁ ዋልኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ተከተልኳት። በራቸው ላይ ደረስኩባት።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኳት። «ለአባትሽ ልነግራቸው ነው። እኔ ነኝ እጅሽን ይዤ ያስገባሁሽ።»

«አውቃለሁ እኮ» አለች ረሕማ። «እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ ሲጠይቁሽ ለምን አዎ አልሽ?»

ደብተሯን በግራ እጇ ወደ ደረቷ ሳበች። «ውሻውን ሲመቱት በግድግዳው እንሰማ ነበር። ቀን በቀን። እናቴ ጆሮዋን ትይዝ ነበር።» ድምጿን ቀነሰች። «አንቺንም እንደሱ እንዳይመቱሽ ብዬ ነው።»

 አለቀስኩ።

«አልተቀየምኩሽም» አለች። «ግን እጄን ባየሽ ቁጥር ታለቅሻለሽ። እኔ ማልቀስ ሰልችቶኛል።» ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አባባ መኪናው ላይ ጭነት ሸራ ያስር ነበር፤ መንገዱ ደርቆ ሊሄድ ነው። ሥሩ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እንጨት እንዳልነበረ፣ እኔ እንዳስገባኋት፣ ረሕማ ለምን ዝም እንዳለች። የመጨረሻውን ስነግረው እጁ ገመዱ ላይ ቆመ።

«እንደ ውሻው እንዳልመታሽ?»

«አዎ።»

«መትቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም አባባ።»

«ታዲያ ምነው...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ከመኪናው ወረደ። ረግጦ የሚወርድበት ብረት ላይ ተቀምጦ እጆቹን ገልብጦ አያቸው፤ ግሪስ ነበረባቸው። ከዚያ ተነስቶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ከግቢ ወጣ። ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። አባባ የሐጂ ኑሩን በር አንኳኳና ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ነው?» አለ ከውስጥ የረሕማ ድምፅ።

አባባ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እንደገና ጠየቀች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «ካልፈራሽኝ ክፈችልኝ።»